ባሌ ትቶልኝ የሄዳቸው እርግቦች

ባሌ በሞተ በሰባተኛው ወር የመጀመሪያዋ እርግብ ታመመች። ኅዳር ነበር። ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት ስንዴ በትኜላቸው ቆሜ አያለሁ። አንዲት ነጭ እርግብ ጎንበስ ብላ ፍሬ ልትለቅም ትሞክራለች፤ ምንቃሯ ግን ከፍሬዋ አንድ ጣት ያህል ፈቀቅ ብሎ ሲሚንቶውን ይመታል። ደግማ ሞከረች፤ ደግማ ሳተች። ዓይኗ ፍሬዋ ላይ ነው፤ አንገቷ ግን አልታዘዝ ብሏታል። ምን ሊሆን እንደሚችል ያኔውኑ ጠርጥሬያለሁ። የምተዳደርበት ሥራ ነውና አለመጠርጠር አልችልም። ሆኖም ሥራ ይረፍድብኛል ብዬ በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

የምሠራው ሰበታ ነው፤ የእንስሳት በሽታ በሚመረመርበት ላቦራቶሪ። ቤታችን ደግሞ ቡራዩ ነው። በየቀኑ ከቡራዩ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ሰበታ እያልኩ እመላለሳለሁ። ባሌ ግን ሩቅ አይሄድም ነበር። ከአምቦ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ የብየዳ ቤት ነበረው፤ በርና መስኮት፣ የውኃ ታንከር ማስቀመጫ፣ የአጥር ብረት ይሠራል። የእርግቦቹን ቤት የሠራውም ራሱ ነው። ከሥራ የተረፈ ቱቦላሬ ብረት አቁሞ፣ ቆርቆሮ አልብሶ፣ ፊቱን በዶሮ ሽቦ ከልሎ ከጓሯችን ግድግዳ ጋር አጣበቀው። ልጅ አልወለድንም። ሰው ስለ ልጅ ሲጠይቀው «ሃያ ስድስት አሉን» ብሎ ይስቅ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ሲመለስ ከግቢው በር ሆኖ ያፏጫል። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፤ ረጅሟ መጨረሻዋ ላይ ቀስ እያለች ወደ ታች ትወርዳለች። እርግቦቹ ያንን ሲሰሙ ከየሰው ጣሪያ ተነሥተው ይመጣሉ። ከሞተ በኋላም የሚያፏጭ ሳይኖር በዚያው ሰዓት ይመጡ ነበር። ቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ተደርድረው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ይቀመጣሉ። ከሰበታ ደርሼ በሩን ስገፋ ሁሉም በአንድ ጊዜ አንገታቸውን ያሰግጋሉ። እኔ መሆኔን ሲያዩ መልሰው ይሰበስቡታል። ይህ በየቀኑ ነው። አንዳንድ ቀን ያንን ላለማየት ብዬ ታክሲ ተራው አጠገብ ሻይ ቤት ገብቼ እስኪመሽ እቀመጥ ነበር።

የሞተው ሚያዝያ ውስጥ ነው። ብረት ሊገዛ ወደ ከተማ እየሄደ ሳለ ታክሲ ተራ ላይ ቆሞ ወደቀ። አጠገቡ የነበሩ ሰዎች እንደነገሩኝ አልጮኸም፤ ደረቱንም አልያዘም። ከፊቱ ያለውን ሰው ትከሻ ነካ አድርጎ የሆነ ነገር ሊጠይቀው የፈለገ ይመስል ነበር አሉ፤ ከዚያ እግሩ ከዳው። ሆስፒታል ሲደርስ አልቆለት ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሐኪሙ፣ ገና ወጣት ልጅ፣ ጠጋ ብሎ «በዚህ ዕድሜ እንዲህ ሲሆን ምክንያቱ ቢታወቅ ጥሩ ነው። ከፈቀዳችሁ አስከሬኑ ይመርመር» አለን።

አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ከሱሉልታ ደርሰው ነበር። «ልጄ አይቀደድም» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ እንኳ ሳያደርጉ።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። እኔ በሥራዬ አንዲት ዶሮ ምን እንደገደላት ሳይታወቅ ብትቀበር የምቆጣ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን አንገቴን ደፋሁ። በማግስቱ ተቀበረ። ከመሞቱ ሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ «ደረቴን ከበድ ይለኛል» ይለኝ እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም። «የብየዳው ጢስ ነው፤ አፍህን ሸፍነህ ሥራ» ብዬው ነበር።

ከአርባው በኋላ አማቴ እኔ ዘንድ ቀሩ። ሱሉልታ ላሞችና የሣር መሬት ያለው የገበሬ ቤት ነው ያላቸው፤ ታናሽ ልጃቸው እዚያ ይሠራል። «ብቻሽን አትሆኚም» አሉኝ። እሳቸውም ልጃቸው የኖረበትን ቤት ትተው መሄድ እንዳልቻሉ ገባኝ። ባሌ እንደሚጠራቸው «ሀርሜ» እላቸዋለሁ፤ እማዬ እንደ ማለት ነው በኦሮምኛ። እሳቸው «ኢንታላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራሉ፤ ከእርግቦቹና ከእግዚአብሔር ጋር ደግሞ በኦሮምኛ።

ነጯ እርግብ በታመመች በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስገባ አማቴ ጓሮ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ ባሌ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው አመድማ ወንድ እርግብ አለ። አንገቱ ተጠምዝዞ አናቱ ጀርባውን ነክቷል፤ ምንቃሩ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ነው። ሲተነፍስ ጭንቅላቱ ይንቀጠቀጣል። አማቴ ጎንበስ ብለው «ኤሳ ጅራ?» ይሉታል ደጋግመው። የት ነው ያለው ማለታቸው ነበር።

«ሀርሜ፣ ይተዉት። ታሟል» አልኳቸው።

«አልታመመም። እያየው ነው።»

«ማንን?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ማንን ይመስልሻል?»

በሽታ እንደሆነ፣ ነርቭና አንጎል የሚይዝ ቫይረስ ሳይሆን እንደማይቀር ነገርኳቸው። እርግቦቹ አንገታቸው እንደሚጠመዘዝ፣ ዞረው ዞረው እንደሚወድቁ፣ ኩሳቸው ውኃ እንደሚሆን አስረዳኋቸው።

«ይሆናል» አሉ። «ግን እያየው ነው።»

እኔም ምንቃሩ ወደጠቆመበት ቀና ብዬ አየሁ። ባዶ ሰማይ ነበር፤ ከአንድ የመብራት ሽቦ በቀር ምንም የለውም። ማየቴን ግን አልክድም።

የጠረጠርኩት ገበሬው ፈንግል የሚለውን የዶሮ በሽታ የቅርብ ዘመድ ነው። እርግቦችን የሚይዝ የራሱ ዓይነት አለው። ክትባት አለው፤ ሙሉ በሙሉ ባያድንም ብዙውን ይከላከላል። መስከረም ሲጠባ በየዓመቱ ባሌ አንድ በአንድ ይዞልኝ፣ እኔ ዓይናቸው ላይ ጠብ አደርግ ነበር። ዘንድሮ አላደረግኩም። ረስቼ አይደለም። ጃኬቱ እርግቦቹ ቤት ውስጥ ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ነበር፤ ቤቱን ሲጠርግ የሚለብሰው ሰማያዊ ጃኬት። ስንዴ በሽቦው በኩል እበትናለሁ እንጂ ከሞተ ወዲህ ወደ ውስጥ አንድም ቀን አልገባሁም።

በማግስቱ ለከተማው የእንስሳት ጤና ቢሮ ደወልኩ። ጎረቤቶቼ ሁሉ ዶሮ አላቸውና ዝም ማለት አልችልም። የመጣው ሐኪም ቦት ጫማ ያደረገ፣ ቀጭን፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። ከየእርግቡ ጉሮሮና ፊንጢጣ ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት ናሙና ወሰደ፤ ከክንፋቸው ሥርም ትንሽ ደም ቀዳ። በዚያ ሌሊት የሞቱትን ሁለቱን በፌስታል ጠቅልሎ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ከተተ። አዲስ እርግብ አስገብተን እንደሆነ ጠየቀኝ። አላስገባንም። «እንግዲህ ከሌላ መንጋ ጋር ጣሪያ ላይ ተገናኝተው ይሆናል» አለና ሳጥኑን ይዞ ሄደ። ወደ ውስጥ የገባው እሱ ነው። እኔ ውጭ ሆኜ ዕቃ አቀብለው ነበር።

ናሙናው ሰበታ ሲደርስ ከእኔ ቤት መሆኑን ለክፍል ኃላፊያችን ነገርኳቸው። ጡረታቸው የደረሰ፣ ቃላቸውን መጥነው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«ለሌላ ሰው ልስጠው ወይስ ራስሽ ትሠሪዋለሽ?» አሉኝ።

«ራሴ እሠራዋለሁ።»

«እንግዲያው ጠዋት ጠዋት እዚህ ታጠቢና ልብስሽን ቀይሪ። ከቤትሽ ይዘሽ የመጣሽው ነገር ሌላው ሥራ ውስጥ እንዳይገባ።»

ትክክል ናቸው። ሆኖም ቃላቸው ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

የሞቱትን ሁለቱን ከፈትኳቸው። በዓይን የሚታይ ብዙ ነገር አልነበረም፤ ኩላሊታቸው ገርጥቶ አበጥ ብሏል፣ ሌላው ደህና ይመስላል። ይህ በሽታ ራሱን በቀላሉ አያሳይም። ሌላ ሕመምም አንገት ይጠመዝዛልና በምልክት ብቻ መፍረድ አይቻልም። ከአንጎላቸው፣ ከሳንባቸውና ከኩላሊታቸው ትንሽ ትንሽ ቆርጬ ፈጨሁ፤ ባክቴሪያ እንዳያበላሸው መድኃኒት ጨመርኩበት፤ አጣራሁት። ቫይረስ ብቻውን አይራባም፤ የሚኖርበት ሕይወት ያለው ነገር ይፈልጋል። ለዚህ የምንጠቀመው ዘጠኝ ቀን የታቀፈ የዶሮ እንቁላል ነው። ቅርፊቱን ጥቂት በስተን ናሙናውን በመርፌ እናስገባና ቀዳዳውን በሰም እንደፍነዋለን። ከዚያ መጠበቅ ነው።

በጥበቃው በሁለተኛው ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ቤቴ ስቃረብ ፉጨት ሰማሁ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፤ ረጅሟ ወደ ታች ወረደች። እግሬ መንገዱ ላይ ተተከለ። አንድ ባጃጅ ከኋላዬ ጥሩምባውን እየነፋ አልፎኝ ሄደ። ፉጨቱ ተደገመ። እየሮጥኩ ይሁን እየተራመድኩ አላስታውስም፤ በሩን ገፍቼ ስገባ አማቴ ጓሮ ቆመዋል፤ ሁለት ጣታቸው ከንፈራቸው ላይ ነው። ደህና የሆኑት እርግቦች በሽቦው ውስጥ ተጠግተው ተደርድረዋል። የታመሙት መሬት ላይ ይዞራሉ፤ ወደ ድምፁ ሊሄዱ ይፈልጉና አንገታቸው ሌላ ቦታ ይወስዳቸዋል።

«ከእሱ ነው የተማሩት?» አልኳቸው ትንፋሼ ሲመለስ።

«እሱ ነው ከኛ የተማረው። አባቱ ከብት የሚጠራበት ነው።»

ከዚያ ፊታቸው ተቀየረ። ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ቤት ገቡ፤ እራትም አልበሉም። ስለ ባሌ አባት የማውቀው ባሌ የነገረኝን ብቻ ነበር፤ እሱ ሕፃን ሳለ ማሳ ላይ ምች መቷቸው እንደሞቱ።

እንቁላሎቹን በየቀኑ ጨለማ ክፍል ውስጥ በብርሃን እናያቸዋለን። መብራቱን ከቅርፊቱ ጋር ስናገጥም ውስጡ ቀይ ሆኖ ይበራል። ጽንሱ በሕይወት ካለ የደም ሥሮቹ እንደ ቅርንጫፍ ተዘርግተው ይታያሉ፤ መሃል ላይ ጥቁር ነገር ይንቀሳቀሳል። ሲሞት ሥሮቹ ይደበዝዛሉ፤ ጥቁሩም ወደ ታች ይቀመጣል። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከአምስቱ ሦስቱ ሞተው አገኘኋቸው። አራተኛው ግን ገና ነበር። ሥሮቹ ከዳር ወደ መሃል እየከሰሙ ናቸው፤ መሃል ያለው ነገር አንዴ ይንፈራገጣል፣ ከዚያ ቆይቶ አንዴ። ማድረግ ያለብኝ መዝግቤ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነበር። መብራቱን ማንሳት አቃተኝ። ታክሲ ተራ ላይ የነበሩት ሰዎች ያዩት ይህን ይሆን ብዬ አሰብኩ። እኔ አልነበርኩም። ማየት የነበረብኝን ሌሎች ሰዎች፣ ስሜን እንኳ የማያውቁ፣ አይተውልኛል።

በዚህ መሃል የተቃጠለ ብረት ሸተተኝ። ባሌ ማታ ማታ ሲገባ ከልብሱና ከፀጉሩ የሚሸተኝ ሽታ ነው። ከኋላዬ፣ በጣም ከቅርብ። ዞር አልኩ። ማንም የለም። የእንቁላል ማሞቂያው ሽቦ ይሆናል ብዬ እጄን ሰድጄ ነካሁት፤ ለብ ያለ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። የክፍሉን መብራት አበራሁ፤ የአራተኛውን እንቁላል ቁጥር ከሞቱት ጋር ጻፍኩ።

ከሞቱት እንቁላሎች የቀዳሁትን ውኃ ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉት ሳህን ላይ ከዶሮ ቀይ የደም ሕዋስ ጋር ቀላቀልኩት። ቫይረስ ከሌለ ሕዋሶቹ ተሰብስበው ጉድጓዱ ሥር ቀይ ነጥብ ይሆናሉ። ቫይረስ ካለ እርስ በርሳቸው ይያያዙና እንደ ስስ ምንጣፍ ተዘርግተው ይቀራሉ። ሁሉም ተዘረጉ። የሆነ ቫይረስ አለ ማለት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን ገና አላወቅንም። የወፍ ጉንፋንም እንዲሁ ያደርጋልና ያ እንዳይሆን ሁላችንም ፈርተን ነበር። ስለዚህ በአንደኛው ረድፍ ጉንፋኑን የሚይዘውን ፀረ እንግዳ አካል፣ በሌላኛው ፈንግልን የሚይዘውን ጨመርኩ። የመጀመሪያው ምንም አልለወጠም። በሁለተኛው ረድፍ ግን ቫይረሱ ተያዘ፤ ሕዋሶቹም ነፃ ሆነው እንደገና ነጥብ ሠሩ። ይህን ለማረጋገጥ ሳህኑን ዘንበል እናደርገዋለን፤ ነጥቡ እውነተኛ ከሆነ ተንሸራቶ እንደ እንባ ይወርዳል። በሥራችን ቋንቋም እንባ ነው የምንለው። ዘንበል አደረግኩት። ከላይ እስከ ታች ረድፉ ሁሉ አነባ።

ኃላፊያችን በትከሻዬ ላይ አሻግረው አዩት። «እሱ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ባልደረባዬ በፒሲአር ማሽን የሠራችውም በማግስቱ ያንኑ አለ፤ የእርግቦቹ ዓይነት ፈንግል።

ውጤቱን ይዤ ቤት ስገባ አማቴ አመድማውን እርግብ ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደተለመደው ጓሮ ነበሩ። በጣታቸው የራሰ በቆሎ አፉ ውስጥ እየከተቱ ያበሉታል። አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«ምን እንደሆኑ አወቅሽ?» አሉኝ።

«አወቅሁ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

ነገርኳቸው። ስለ እንቁላሉ፣ ስለ ደሙ፣ ስለ ሳህኑ፣ በሚገባቸው ቃል። እንባውን ስነግራቸው እጃቸው በቆሎው ላይ ቆመ። ነገ ሐኪሙ እንደሚመጣ፣ የታመሙት እንደማይድኑና በሽታውን ለሌሎቹ እንደሚያስተላልፉ፣ ስለዚህ መገደል እንዳለባቸው ነገርኳቸው።

«ለእሱም እንዲህ ይደረግለት ነበር?» አሉ።

ስለ ማን እንደሚያወሩ መጠየቅ አላስፈለገኝም። «እንዲህ ባይሆንም ይታይ ነበር፤ የሆስፒታሉ ሐኪም ያለው ይህንኑ ነው።»

«ይታወቅ ነበር?»

«ምናልባት።»

«እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«እኔም ዝም ብያለሁ፣ ሀርሜ።»

ቀና ብለው አላዩኝም። እርግቡን ማብላት ቀጠሉ።

ጠዋት ሐኪሙ መጣ። እስከዚያ ድረስ ዘጠኝ ሞተዋል፤ ስድስት ታመዋል፤ አሥራ አንዱ ደህና ናቸው። አምስቱን የታመሙ አንገታቸውን ይዞ ሳይሰቃዩ በቅጽበት ገደላቸው፤ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ ኖራ ነሰነሰበት። የቀረው አመድማው ነው። ሐኪሙ አማቴን በአክብሮት ጎንበስ ብሎ በኦሮምኛ አነጋገራቸው፤ እሳቸው ግን የመለሱት ለእኔ በአማርኛ ነው።

«ይሄን ወስደሽ ክፈቺው» አሉኝ።

«አያስፈልግም፣ ሀርሜ። አውቀናል እኮ።»

«ክፈቺው አልኩሽ። ይታይ።»

ሐኪሙ ተመለከተኝ፤ በእሺታ ራሴን ነቀነቅኩ። አማቴ እርግቡን ለሐኪሙ አሳልፈው ሰጡና ሲገድለው ፊታቸውን ሳያዞሩ ቆመው አዩ። ከዚያ ሐኪሙ ደህናዎቹን ለመከተብ የሚይዝለት ሰው ፈለገ። ያን ቀን ገባሁ። ጃኬቱ ትቢያ ለብሶ እንደተሰቀለ ነበር፤ በትከሻዬ ገፋ አድርጌው አለፍኩና አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ ያዝኩ። የጎረቤቶቻችንም ዶሮዎች ተከተቡ። አንዷ ጎረቤቴ ለብዙ ሳምንት ሰላምታ ነፈገችኝ፤ አልፈርድባትም።

አመድማውን ሰበታ ወስጄ ለብቻው ከፈትኩት። ለምርመራው የሚጨምረው ነገር አልነበረም፤ ግን እንደ ሌላው ሁሉ በሥርዓቱ ሠራሁት። ማታ ቤት ስገባ አማቴ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁኛል።

«ምን አገኘሽ?»

«ኩላሊቱ አብጧል። ሌላ የሚታይ ነገር የለውም።»

«ልቡስ?»

«ልቡ ደህና ነበር።»

«ልቡንም አየሽው?»

«ሁሉንም ነው የምናየው፣ ሀርሜ።»

በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። መናገር ሲጀምሩ ድምፃቸው ሌላ ሰው የሚናገር ይመስል ነበር። የባሌን አባት ምች እንዳልመታቸው ነገሩኝ። ማሳ ዳር ቆመው ከብቶቹን እያፏጩ ሲጠሩ፣ ረጅሟ ፉጨት መሃል ላይ ተቋርጣ እንደወደቁ፤ አርባ ዓመት እንኳ እንዳልሞላቸው። ከእሳቸው በፊት ታላቅ ወንድማቸው ወንዝ ሊሻገሩ ሲሉ እንዲሁ ወድቀዋል። ለቅሶ የመጣው ሰው «ይህን ቤት የሚከተለው ነገር አለ» እያለ አወራ። አማቴ ሁለት ልጆች ይዘው የቀሩ ወጣት ሴት ነበሩ። ልጆቹ ሲያድጉ የሚያገባቸው እንዳይጠፋ ብለው ምች ነው አሉ፤ ሰውም ከጊዜ በኋላ አመነላቸው።

«ሆስፒታል ያ ልጅ ይታይ ሲል የሚገኘውን ያወቅሁ መሰለኝ» አሉ። «ተጽፎ እንዳይቀር ፈራሁ። ታናሽየው አለ። እሱም ገና አላገባም።»

ተናድጄ ነበር ብል እውነት ነው። ባሌ ደረቴን ከበደኝ ያለኝ ቀን ይህን ባውቅ ብዬ አሰብኩ፤ ወዲያው ደግሞ ጢስ ነው ያልኩት እኔ መሆኔ ትዝ አለኝ። ሁለታችንም የየራሳችንን ይዘን ተቀመጥን። የባሌን የደረት ነገር ያን ጊዜ ነገርኳቸው። እጄን ያዙኝ።

በሳምንቱ ታናሽ ልጃቸውን ይዘን አዲስ አበባ፣ የልብ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ታሞ የማያውቅ። ለምን እንደመጣ በደንብ አልነገርነውም፤ እናቱ ብቻ «ለእኔ ስትል» አሉት። ደረቱ ላይ ሽቦ አጣብቀው ልቡ ሲመታ በወረቀት አተሙ፤ በአልትራሳውንድም አዩት። ሐኪሟ ስክሪኑ ላይ ደጋግማ ስትለካ ሳያት የሆነ ነገር እንዳገኘች ገባኝ፤ እኔም ያልጠበቅኩትን ነገር ሳገኝ ደጋግሜ ነው የምለካው።

«ከቤተሰባችሁ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለ?» ብላ ጠየቀች።

አማቴ «ሦስት» አሉ።

የልቡ ጡንቻ ከልክ በላይ ወፍሯል፤ በደም የሚወረስ ነው። ሐኪሟ ስለሞቱት ሰዎች በእርግጠኝነት መናገር እንደማትችል ነገረችን፤ ስላላየችው ልብ አትናገርም። ለዚህኛው ግን በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት ጻፈችለት፤ ከባድ እንዳይሸከም፣ እንዳይሮጥ፣ በየስድስት ወሩ እንዲመጣ አዘዘችው።

ውጭ ስንወጣ እሱ ከእኛ ፈንጠር ብሎ ቆመ። «እስከ ዛሬ ጤነኛ ነበርኩ» አለ። «እናንተ ናችሁ ያሳመማችሁኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ባላውቅ አይሻለኝም ነበር፣ እህቴ?» አለኝ።

የተማርኩት ትምህርት ሁሉ አይሻልህም በይው ይለኝ ነበር። እናቱ «አይሻልህም» አሉት በእኔ ፋንታ። እስከ ሱሉልታ ድረስ ታክሲ ውስጥ አላናገረንም።

አማቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡራዩ አላደሩም። ዕቃቸውን ልኬላቸው ሱሉልታ ቀሩ። አሥራ አንዱ እርግቦች ክረምቱን ደህና አሳለፉ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም የታመመ የለም። መስከረም ላይ የቢሮው ሐኪም አንድ በአንድ ይዞልኝ ከተብኳቸው።

ባለፈው ኅዳር አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሱሉልታ ሄድኩ። የሣር አጨዳ ወቅት ነበር። ታናሽ ልጃቸው አይሠራም ተብሎ ሰው ተቀጥሯል፤ እሱ ግን ማጭድ ይዞ ከአጫጆቹ መሃል ገብቷል። መድኃኒቱን ይውጣል፤ ከባዱን ነዶ ለሌላ ይተዋል፤ ቁጭ በል ሲሉት ግን አይሰማም። አማቴ ማሳው ዳር፣ ፀሐዩ ላይ፣ ያለ ጥላ ቆመዋል። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ እንደቆሙ ነው አሉኝ። ልጃቸው ከሩቅ ቀና ብሎ በእጁ ይግቡ፣ ይሂዱ የሚል ምልክት ያሳያቸዋል። አይሄዱም። ጎንበስ ሲል ዓይናቸው ጀርባው ላይ ይሆናል፤ ቀና ሲል ትንፋሻቸው ይመለሳል።

አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ። «ትንሽ ይረፉ፤ እኔ አየዋለሁ» አልኳቸው።

ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ሳሩ ላይ ተቀመጡ፤ እግራቸውን ዘረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ቆሜ እያየሁት ቀረሁ።